የዳኛው ማር

ዓለምብርሃን አሥራ አንድ ዓመት ዳኛ ሆኖ ከሰው ቤት ውሃ እንኳን ሳይጠጣ ኖረ። ሰርግ ሲጠሩት አመመኝ ይላል፤ ለቅሶ ቆሞ ደርሶ ይመለሳል። ከዚያ ወንበር ያተረፈው ስሙን ብቻ ነው። ዳኝነቱን ለቆ የጥብቅና ፈቃድ ሲያወጣ ሰቆጣ ላይ ከፍርድ ቤቱ በታች አንዲት ክፍል ተከራየ፤ ጠረጴዛ አሠራ፤ ማኅተም አስቀረጸ። ሰኞ ሊከፍት ነው።

የጎደለው ባለጉዳይ የሚያመጣለት ሰው ነበር። ለዚህ ትእዛዙ ከሚባለው ሰው የተሻለ ከየት ይመጣል? ትእዛዙ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ ሲጽፍ ሃያ ዓመቱ ነው፤ የማያውቀው ሰው፣ ያልሰማው ክርክር የለም። ምላሰ ቅቤም ነው። ዓለምብርሃን ጸሐፊ አድርጎ ሊቀጥረው ተስማማ። በሬ ካራጁ ይውላል ማለት ይኼ ነው።

በገበያው ዕለት ዓለምብርሃን መጻሕፍቱን ሲደረድር አያ ቅጣው የሚባሉ ሽማግሌ ከጋዝጊብላ በእግራቸው መጥተው ገቡ። አዲስ የወሰን ክርክር ተነስቶባቸዋል። ነጭ ማር የሞላ ጀሪካን ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጡ።

«ይኼ ለአዲሱ ዳኛ ነው፤ መንገዱን እርስዎ ያውቁታል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያኔ በትእዛዙ እጅ ለእርስዎ ከላክሁት ይበልጣል።»

«ለእኔ? መቼ?»

«የዛሬ ስድስት ዓመት፣ መሬቴን ሲፈርዱልኝ።»

ዓለምብርሃን ያን ማር በዓይኑ አላየውም። መዝገቡን ግን ያስታውሰዋል፤ አራት ምስክር አንድ ቃል የተናገሩበት፣ ሕፃን የሚፈርደው ጉዳይ። ቆሽቱ አረረ። ወጥቶ ትእዛዙን ከጃንጥላው ሥር በክንዱ ጎትቶ አመጣው።

«በስሜ ከስንት ሰው በላህ?»

ትእዛዙ ትንሽም አላፈረም። «ምን ያስቆጣዎታል ጌታው? ፍርድ አላዛባሁ። የሚረታውን ከማመልከቻው አውቀዋለሁ፤ የተቀበልሁትም ከሚረታው ብቻ ነው። ማን ተጎዳ?»

ማን ተጎዳ! ከሌባ ሁሉ የሚያናድደው ሰርቆ ሲያበቃ ደግ ነኝ የሚለው ነው። የዓለምብርሃን እጅ ለጥፊ ተነሳ፤ ያስቆመው የሽማግሌው ድምፅ ነው።

«እንግዲያ ያን ጊዜ የረታሁት በእውነቴ ነው?»

«በእውነትዎ ነው አያ። አንዲት ጠብታ አልቀመስሁም።»

አያ ቅጣው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «በጉቦ የወሰድሁት መስሎኝ ስድስት ዓመት ከቁርባን ራቅሁ። ለንስሐ አባቴ እንኳን መናገር አፈርሁ። የገዛ አባቴን መሬት እንደ ሌባ አንገቴን ደፍቼ አረስሁት። ሚስቴ አብረን እንቁረብ ስትል ኖራ፣ ብቻዋን ቆርባ ሞተች። ዛሬም የመጣሁት ሌላ መንገድ የለም ብዬ ነው።»

ዓለምብርሃንን ለራሱ ስም ብቻ ሲናደድ መቆየቱ አሳፈረው።

ትእዛዙ ወደ በሩ ፈቀቅ አለ። «ቢከሱኝ የሚነሳው የእርስዎ ስም ነው። አገሩ የሚሰማው ማር የበላ ዳኛ መኖሩን ብቻ ነው። ሰኞ ማን ይመጣልዎታል?»

እውነቱን ነው፤ የሚያንገበግበውም እውነት መሆኑ ነው።

«ስሜን አንተ በጀሪካን ሸጠህ ጨርሰኸዋል» አለው ዓለምብርሃን። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ማሩን አነሳና የሽማግሌውን ክንድ ያዘ።

«አያ፣ ይህ ሰው በስሜ ባታለለዎት ጉዳይ ጠበቃዎ መሆን አልችልም፤ ምስክርዎ ነኝ። ይነሱ፣ ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ።»