የእናቴ ድምፅ በሰው ከበሮ

ሙት ይጣራል ሲሉኝ የምስቅ ሰው ነበርሁ። ጣና ሐይቅ ዳር ቁንዝላ ተወልጄ አድጌ እንኳ፣ በምሽት ከሐይቁ ስምህ ቢጠራ አቤት አይባልም ሲባል «ወግዱ፣ ዓሣ ነው የሚንቦጫረቀው» እል ነበር። አሁን ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ባሕር ዳር ግሽ አባይ ሰፈር ካለው የልብስ ስፌት ቤቴ ቁጭ ብዬ ጥሪ እሰማለሁ። የምትጣራው በሕይወት ያለች ሴት ናት። እናቴ ናት። የምትጠራውም ወንድሜን ነው።

ወንድሜ ዓሣ ሊያጠምድ በታንኳ እንደ ወጣ ቀረ። ነፋስ የበረታበት ቀን ነበር። ታንኳዋ በማግሥቱ ባዶዋን ዳር ወጣች፤ እሱ አልወጣም። በእኛ ዘንድ ሐይቅ የወሰደውን ሰው አካሉ እስኪወጣ ዳር ቆሞ መጠበቅ ወግ ነው። አገሩ ሁሉ ጠበቀ፤ ጠበቀ ጠበቀና ወደየቤቱ ገባ። እናቴ ግን ከጀልባ መቆሚያው አልነቃነቅ አለች። ነጠላዋን እንደ ለቅሶተኛ አላዘቀዘቀችም፤ እንደ ደህና ቀን ለብሳ፣ እጇን ከአፏ አድርጋ ወደ ውሃው ትጣራ ነበር።

ታንኳህ ባዶ መጣች፣ ማን አሻገረልህ፣
ና ልጄ ከደጅ ነኝ፣ በሩን ከፍቼልህ።

ከዚያ ደግሞ «ና ልጄ፣ ና! ና ልጄ፣ ና!» ትላለች። ለቅሶ አይመስልም፤ ልጅ ከጨዋታ ለእራት ሲጠራ የሚጠራው ዓይነት ነው። በኋላ ቄሱ ቢመክሯት፣ እኔም ብለምናት «አካሉን ሳላይ ተዝካር አላወጣም» ብላ እምቢ አለች። እስከ ዛሬ የቤቷን በር መቀርቀሪያ አታስገባም። እኔ ወንድሜን አልቅሼ ጨርሻለሁ፣ በልቤም ቀብሬዋለሁ። በዚህ ነገር እናትና ልጅ አንግባባም።

ያን ዕለት ከውሃው ዳር ስትጣራ የአክስቴ ልጅ በስልኳ ቀርጻት ኖሯል። ክፋት የላትም፤ ዘመድ ይየው ብላ በቴሌግራም ላከችው። ከዘመድ ወደ ዘመድ፣ ከዘመድ ወደማናውቀው ሰው ሄደ። በመጨረሻ አንድ ሙዚቃ አቀናብራለሁ የሚል ሰው እጅ ገባ። ግጥሙን ቆርጦ ጣለው። «ና ልጄ፣ ና»ን ብቻ አስቀረና ከሥሩ ከበሮ ከተተበት፣ ያንኑ እየደጋገመም ዘፈን አደረገው።

መጀመሪያ የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው፣ ጨርቅ ገዝቼ ስመለስ። ከጀርባዬ ካለው ድምፅ ማጉያ እናቴ ተጣራች። ዘወር አልሁ። እውነቴን ነው፣ ከኋላዬ የተሳፈረች መሰለኝ። ሹፌሩ ትከሻውን ይሰብቃል።

«አቁም!» አልሁት።

«ምነው እናት፣ ደረሽ እንዴ?»

«አቁም አልሁህ እኮ!»

ወርጄ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አልሁ።

ከዚያ በኋላ መሸሻ አጣሁ። ሠርግ ቤት ብሄድ እሷ ናት። ምሳ ልበላ ብገባ እሷ ናት። ፊት ለፊቴ በስልክና በፍላሽ ዘፈን የሚጭን ሱቅ አለ፤ ባለሱቁ ከወረታ የመጣ፣ ለሰው የሚያዝን ነጋዴ ነው። ነገሩን ስነግረው «ወላሂ እህቴ፣ እኔ መች አውቄ!» ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ ከዚያ ወዲህ እሱ ዘንድ ተከፍቶ አያውቅም። ግን አንዱን ሱቅ ብዘጋ ከተማውን በምን እዘጋዋለሁ? አንዲት ሙሽራ ቀሚሷን ስለካላት «ይህች እናት ልጇን ወደ ጭፈራ ስትጠራው ደስ አትልም?» አለችኝ። መርፌ በከንፈሬ ይዤ ስለነበር ዝም አልሁ እንጂ፣ ከአፌ የሚወጣው ከሠርጓ ያስቀራት ነበር።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልሁት ሌላ ነው። እናቴ ዓይኗን ሞራ ጋርዷት ለሕክምና ባሕር ዳር ልትመጣ ሆነ። ከወንድሜ ወዲህ ጀልባ አትሳፈርም፤ በዚያ ኮረኮንች መንገድ ተንገጫግጫ በመኪና ነው የምትመጣው። መናኸሪያ ወርዳ፣ ባጃጅ ተሳፍራ፣ ዓይኗ በደንብ ሳያይ ጆሮዋ የገዛ ጥሪዋን በጭፈራ ሲሰማው ታየኝ። ልቧ አይችለውም ብዬ ፈራሁ። ሳትመጣ ማጥፋት አለብኝ አልሁ።

ለአቀናባሪው ጻፍሁለት። በጨዋ ቋንቋ መለሰልኝ፤ «ይቅርታ እህቴ፣ ሙሾ እኮ የሕዝብ ነው፣ ባለቤት የለውም።» የሕዝብ! ሕዝቡማ ያን ቀን እራቱን ሊበላ ገብቶ ነበር፤ ከውሃው ዳር የቀረችው አንድ ሴት ናት። ብስጭት ብዬ የአክስቴን ልጅ ዋናውን ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ እንድትለጥፈው ነገርኋት፣ ሰው እውነቱን ይየው ብዬ። ሲውል ሲያድር የኢንተርኔቱ ማሽን በራሱ ድምፁን ዘጋው፤ ይህ ድምፅ የሌላ ሰው ንብረት ነው አለ። ለካ ሰውዬው በስሙ አስመዝግቦታል። በቪዲዮው ውስጥ እናቴ አፏን ትከፍታለች፣ ውሃው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ያን ሳይ ከዘፈኑ የባሰ ፈራሁ።

የአንዲት ደንበኛዬ ልጅ ጠበቃ ናት። ጉዳዩን ሰምታ «ዜማው የሕዝብ ቢሆን እንኳ ቃሉና ድምፁ የእናትሽ ነው፣ ያለ ፈቃዳቸው ማንም ሊነግድበት አይችልም» አለችኝ። ደስ ሊለኝ ሲል አስከተለች። «ግን መብቱ የእሳቸው ነው እንጂ የአንቺ አይደለም። አቤት የምትዪው ውክልና ከሰጡሽ ነው።»

ይኸው እንግዲህ! እንዳትሰማው ላስጠፋላት፣ ሄጄ ልንገራት?

አልነገርኋትም። እናቴ ስትመጣ ጆሮዋን በሻሽ ሸፍኜ፣ ብርድ ነው ብዬ፣ ባጃጁንም ዘፈን አጥፋ ብዬ ቤቴ አስገባኋት። በነጋታው «ጉዳይሽን የምፈጽምበት አንዲት ወረቀት ናት፣ ጣትሽን ብቻ ነው» ብዬ ውክልና ወደሚሰጥበት ቢሮ ወሰድኋት። አመነችኝ። አውራ ጣቷን ቀለም አስነካሁ። እኔ ስንት ወረቀት ስፈርም ማንም አንብቦልኝ አያውቅምና፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ጮክ ተብሎ እንደሚነበብ አላሰብሁም።

«እማማ፣ ልብ ብለው ያዳምጡኝ» አለ ሠራተኛው፣ መነጽሩን እያስተካከለ። «... በቁንዝላ ከጀልባ መቆሚያው ላይ ወንድ ልጄን ስጠራ የተቀረጸው ድምፄ፣ ሙዚቃ ሆኖ መሰራጨቱን እንድታስቆምልኝ ...»

እናቴ ጣቷን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። «የምን ድምፅ?»

ስልኬን አወጣሁና ከጆሮዋ አስጠጋሁላት። ደረቷን ትመታለች፣ ትወድቃለች ብዬ በሌላው እጄ ወገቧን ያዝሁ። ተራ ከሚጠብቁት ልጆች አንዷ ዘፈኑን አውቃው በእግሯ መምታት ጀመረች፤ አፈጠጥሁባትና ተወች። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«እኔስ እንዲህ አላጣደፍሁትም» አለች። ስልኩን ከጆሮዋ ገፋ አድርጋ «የት የት ይሰማል?»

«በየቦታው፣ እማ።»

«ጎንደር?»

«ጎንደርም፣ አዲስ አበባም።»

«ዐረብ አገርስ?»

«ዐረብ አገርም።»

ቀለም የነካ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። «እኔ ከዚያ ቆሜ ስጣራ ነፋሱ አፌ ላይ ይመልስብኝ ነበር። ማዶ አይደርስም ነበር። አሁን የትም ይሁን የት ይሰማዋል። ታዲያ ምን ብዬ ዝም ላሰኘው?»

«ሞቷል እኮ፣ እማ!» ጮህሁ። በሰው ፊት፣ ያን ቃል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«አንቺ አየሽው?» አለችኝ።

አላየሁትም። ሠራተኛው «እማማ፣ እንግዲህ አይፈርሙም?» ሲላት «አልፈርምም ልጄ፣ ተዉት ይጣራልኝ» ብላ ተነሣች።

የዓይኗ ሞራ ተገፈፈላትና አገሯ ገባች። ዘፈኑም እያረጀ ሄደ፤ ሰው ሌላ ዘፈን ያዘ። አንዳንዴ ብቻ፣ ካላሰብሁበት ቦታ ይመጣል። በቀደም ለታ ልደት ያከብሩ የነበሩ ሰዎች የያዘች ጀልባ ከሐይቁ ስትመለስ እኔ ዳር ቆሜ ነበር። ነፋሱ ከበሮውን ስለዋጠው፣ በውሃው ላይ የመጣው የእናቴ ድምፅ ብቻ ነው፤ «ና ልጄ፣ ና!» ከዳር ወደ ውሃ የተጣራችው ጥሪ ከውሃ ወደ ዳር ይመጣል። መሄድ ነበረብኝ፣ አልሄድሁም። ጀልባዋ ቆመች፣ ሰዎቹ እየሣቁ መውረድ ጀመሩ። ወንድሜን ቀብሬዋለሁ የምለው እኔ፣ የወንዶቹን ፊት አንድ በአንድ እያየሁ፣ የመጨረሻው ሰው እስኪወርድ ጠበቅሁ።