ሦስት ፍሬ ስንዴ

የተያዝኩት በአንድ ጥያቄ ነው። ሮቤ ውስጥ፣ የፓስታ ፋብሪካ እናቋቁማለን ብሎ አክሲዮን የሸጠልን ኩባንያ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጄን አወጣሁና «አዳራሹ ውስጥ ካለው ሰው በላይ እጅ እንዴት ተቆጠረ?» አልኩ። የቦርድ ምርጫ መሆኑ ነው። ፋብሪካው እስከዚያ ቀን ድረስ ጎባ መንገድ ዳር የቆመ የቆርቆሮ ማስታወቂያ ብቻ ነበር፤ ማስታወቂያው ላይ የተሳለው ፓስታ እንኳ በዝናብ ታጥቦ ትል መስሏል። ቦርዱ ግን ለሦስተኛ ጊዜ «በከፍተኛ ድምፅ» ተመረጠ።

ሳምንቱ ክፉ ሳምንት ነበር። የአገሩ ምርጫ ገና ማለፉ ነው፤ በየጣቢያው በር ላይ የተለጠፈውን ውጤት ያየ ሰው ተቆጥቷል። አንዳንድ ጣቢያ የመረጠው ከተመዘገበው ይበልጣል ይባል ነበር። አዳራሹ በኔ ጥያቄ ተነሥቶ ሲወጣ መንገድ ላይ ከቆመው ቁጡ ሕዝብ ጋር ተቀላቀለ፤ ማን ስለ ፓስታ፣ ማን ስለ አገር እንደሚጮህ መለየት አልተቻለም። ፖሊስም ለመለየት አልደከመም። መርማሪው «የትኛውን ምርጫ ነው ተጭበረበረ ያልከው?» ሲለኝ «ሁለቱንም» አልኩት። በዚህች መልስ እስከ ዛሬ እኮራለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ፈርቼ ነበር።

ፖሊስ ጣቢያው ሞልቶ ስለነበር እኛን ያስገቡን አጠገቡ ካለ የነጋዴ እህል መጋዘን ነው። መስኮት የለውም። ወለሉ ላይ ነቀዝ የበላው እህል ብናኝ አለ፣ ስንራመድ ይነሣል፣ ስናስነጥስ ይብሳል። የባሌን የሰኔ ብርድ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል፤ ከሳነቴ ተራራ ወርዶ በበሩ ሥር ገብቶ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። የኋላው ግድግዳ ግን ከዳቦ ቤት ምድጃ ጋር ጀርባ ለጀርባ ነበር። ዳቦ ቤቱ ሲጋግር ስለሚያድር ግድግዳው ይሞቃል። ከሙቀቱ ጋር የትኩስ ዳቦ ሽታም ይመጣል፤ ይህኛው ቅጣት ክሱ ላይ አልተጻፈም።

ማን ግድግዳው ሥር፣ ማን በሩ ሥር እንደሚተኛ የሚወስነው ካቦው ነው። ካቦ ማለት በእስር ቤት ቋንቋ የእስረኞች አለቃ ነው።

የበሩ ሥር ቦታ የደረሰው አንድ የሲናና ገበሬ ነበር፤ ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ። ጥማድ በሬውን ሸጦ አክሲዮን የገዛ ሰው ነው። የታሰረው ከአዳራሹ ከኋላዬ ስለወጣ ብቻ ነው፤ ይህ ሐሳብ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። ሲያስል ጎኑን በሁለት እጁ ደግፎ ነው። አንዲት ነርስ መጥታ ደረቱን አዳመጠችና ወደ ዘበኛው ዞራ «በዚህ ብርድ አንድ ሳምንት አይቆዩም፤ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ካልሆነ ሙቅ ቦታ ይተኙ» አለች። ዘበኛው «ሆስፒታል ነገ» አለ። ነገ ሲደርስም «ነገ» አለ። የቀረን ግድግዳው ነበር።

በአራተኛው ቀን በሩ ተከፈተና የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ከነሙሉ ልብሱ፣ ትራሱን አቅፎ ገባ። የሕዝቡን ቁጣ ማብረጃ አንድ ሰው ያስፈልግ ነበርና ዕጣው ለሱ ወጥቷል። እኔን ሲያይ እንደ ጠፋ ዘመድ አቅፎ ሳመኝ።

«መምህር! እርስዎም እዚህ ነዎት? ያ ጥያቄዎ እኮ ሁላችንንም አስገባን!»

በሬውን የበላበት ሰው ሲገባ ሽማግሌው ምን ይል ይሆን ብዬ ዞር አልኩ። ሽማግሌው እያሳለ ተነሣና እጁን ዘረጋለት። «አካም ቡልተን? ደህና አደሩ?» አለው። የባሌ ሽማግሌ እንግዳ ሲመጣ ተቀምጦ አይቀበልም፤ ሌባም ቢሆን እንግዳ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ሰዓት ሳይሞላው ግድግዳው ሥር ተኛ። ካቦው አንድ ፓኮ ሲጋራ ተቀብሎ ነው። በማግስቱ ካቦው ሲፈታ ክፍሉ አለቃ አልባ ሆነ፤ ሥራ አስኪያጁም ለቦታው ዕጩ ሆኖ ቀረበ። የሚወዳደረው ሲጠፋ እኔ ተነሣሁ። ካቦ ብሆን የመጀመሪያ ሥራዬ ሽማግሌውን ወደ ግድግዳው ማዛወር እንደሆነ ተናገርኩ። ለሦስት ቀን ጠዋትና ማታ ስለ ፍትሕ፣ ስለ ሳል፣ ስለ ግድግዳ ሰበክሁ። አስተማሪ ነኝ፤ ማቆም አይሆንልኝም።

ሥራ አስኪያጁ ምንም አልሰበከም። ከሆቴል ጥብስና ዱለት ያስመጣል። «ምረጡኝ» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም፤ «ብሉ እንጂ፣ በሞቴ!» ነው የሚለው። ሁሉም በላ። እኔ ብቻ የሐዋርያትን ጾም ሰበብ አድርጌ ሽታውን ተካፈልኩ።

እስክሪብቶም ወረቀትም ክልክል ስለሆነ ቆሎን ድምፅ መስጫ እንድናደርግ ተስማማን። የሽማግሌው ልጅ ያመጣችለት የስንዴና የሽምብራ ቆሎ ነበር። ስንዴ ለኔ፣ ሽምብራ ለሥራ አስኪያጁ ሆነ። ለእያንዳንዱ ሰው ከሁለቱም አንድ አንድ ፍሬ ይሰጠዋል፤ ጥግ ላይ ከተሰቀለው ጋቢ ጀርባ ገብቶ የመረጠውን አፉ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ይጥላል፤ ያልመረጠውን ማስረጃ እንዳይቀር እዚያው ይበላዋል። ይህን ሕግ ያወጣው ሰልፈኛ አሳፍረሃል ተብሎ የታሰረ የባጃጅ ሹፌር ነው። «ያልፈለግከውን ዕጩ መብላት! እንዲህ ያለ ምርጫ የት አለ?» እያለ ይስቃል።

ችግሩ የድምፁ ሣጥን ነበር። የተራበ ሰው በሞላበት ክፍል ቆሎ የሚጠብቅ ማን ይታመናል? መልሱን ያገኘነው ከሀጂ ነው። ሀጂ ሮቤ ከብት ሊሸጡ መጥተው ሰልፉ መሀል የተገኙ የጊኒር ነጋዴ ናቸው፤ ሰኞና ሐሙስ ሱና ይጾማሉ። ስለዚህ ምርጫው ሐሙስ ቀን ሆነ፣ አስመራጩም እሳቸው ሆኑ። «እኔ ግን አልመርጥም» አሉ ሀጂ። «የሌላውን ዕጩ መብላት ስላለብኝ ጾሜ ይፈርሳል።»

ያን ቀን ጠዋት ሽማግሌው ከቆሎው ጭብጥ ሙሉ ሰጥቶኝ ነበር፤ ኪሴ ውስጥ ነበር። ማልቀስ ብቻ የቀረኝ ሰው ሆኜ ነው ወረፋ የያዝኩት፤ ሌሊቱን ሽማግሌው ሲያስል ደም ተፍቶ ነበር። ከጋቢው ጀርባ ስገባ የራሴን ስንዴ ጣልኩ። ቆምኩ። ሽማግሌው ማሳል ሲጀምር፣ ድምፁ እንዳይሰማ በሱ ሳል ተከልዬ፣ ሦስት ፍሬ ስንዴ ጨመርኩ። ሽምብራዬን በላሁና ወጣሁ። ስለ ምርጫ መጭበርበር ጮህክ ተብዬ የታሰርኩት ሰው እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ሀጂ ጀሪካኑን ጋቢ ላይ ገለበጡና ቆጠሩ።

«ስንዴ አሥራ አንድ። ሽምብራ አሥር።»

ጭብጨባ ተነሣ። ሀጂ ግን እጃቸውን ከጋቢው ላይ አላነሡም፤ መንጋ ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ስንት ሰው ነው የመረጠው?»

«አሥራ ስምንት» አለ ሹፌሩ።

«ፍሬው ሃያ አንድ ነው። ሱብሃነላህ! ሦስቱ ከየት መጡ?»

አሥራ ሰባት ራስ አንድ ላይ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረ። ያፈርኩበት ነገር ቢኖር የኔም ራስ አብሮ መዞሩ ነው።

«እኔ?» አለ ደንግጦ። «እኔ ብሰርቅ ተሸንፌ ነው የምሰርቀው?»

«ቦስ፣ እንዳይጠረጠሩ ብለው ነው» አለው ሹፌሩ። «ለማስመሰል ነው።»

«ለማስመሰል ልሸነፍ? ልጄ፣ እኔ በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት...» ብሎ መሀል ላይ አቆመ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሥራ አስኪያጁ ግን አልሳቀም። ትራሱን ደረቱ ላይ አስጠግቶ «እናቴ ትሙት፣ ዛሬ ንጹህ ነኝ!» አለና እንባው መጣ። ማንም አላመነውም። ዝም ብል ያልፍ ነበር፤ በእውነተኝነቴ የታሰርኩ ሰው ነኝና ማን ይጠረጥረኛል? ግን ፊቱን አየሁት። ሌባ ነው፤ ባልሰረቀው ሲያለቅስ ግን ከማንም ሰው አይለይም። መርማሪው ፊት የኔም ፊት እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም።

«ሦስቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ጫጫታው በአንዴ ሲቆም ዘበኛው ተጠራጥሮ በሩን ከፈተ።

«ምንድን ነው?»

«ምርጫ ነው» አሉት ሀጂ።

«በሕግ አምላክ! የታሰራችሁት ለዚሁ አይደል እንዴ?» ብሎ በሩን መልሶ ዘጋው።

ሽማግሌው ከበሩ ሥር ቀና ብሎ አየኝ። «ባርሲሳ» አለኝ። መምህር ማለቱ ነው፤ ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው የሚጠራኝ። «ለማን ብለህ ነው?»

«ለእርስዎ ነው፣ አባቴ።»

«ማሎ፣ ምነው! እኔ እኮ የጣልኩት ሽምብራ ነው።»

ደነገጥኩ። «እሱ እኮ በሬዎን የበላ ሰው ነው!»

«በሬዬን ከበላ ሁለት ዓመት ሆነው። እኔ ጥብሱን የበላሁት ትናንት ነው። የበላሁበትን ወጪት ሰባሪ ልሁን?» ጎኑን ይዞ አሳለ፣ ትንፋሹ ሲመለስ ጨመረ፤ «አንተ መልካም ሰው ነህ። የሰጠኸኝ ግን ወሬ ነው።»

ወደ ቦታዬ ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ጀርባዬን ሙቀት ነካው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቀድመው ከታሰሩት አንዱ ስለሆንኩ ካቦው የሰጠኝ ቦታ ከምድጃው ግድግዳ ሁለተኛ ነበር። ሽማግሌውን ስለማዛወር ሦስት ቀን ስሰብክ፣ የምሰብከው ሞቆኝ ተቀምጬ ነው። ካቦ ሳልሆን፣ ማንንም ሳላስፈቅድ፣ በመጀመሪያው ቀን ልሰጠው የምችለው ቦታ ሥሬ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም።

ተነሣሁ። ጋቢዬን ጠቅልዬ በሩ ሥር ወሰድኩ። የሽማግሌውን ምንጣፍ እኔ ቦታ ላይ ዘረጋሁለት፣ ክንዱን ይዤም አስነሣሁት።

«አንተስ?» አለኝ።

«እኔ ወጣት ነኝ» አልኩት። አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር። ማንም አልሳቀብኝም፤ ሹፌሩ እንኳ።

ምርጫው ተደገመ። እኔ ራሴን ስላገለልኩ ሥራ አስኪያጁ ብቻውን ቀረበ፤ አሥራ ስምንት ሽምብራ፣ የኔም ተጨምሮ። ሀጂ ሁለቴ ቆጠሩና «ልክ ነው፣ አልሃምዱሊላህ» አሉ። ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ «ስለ ሰጣችሁኝ አመኔታ» ብሎ ጀመረና ንግግሩን ሳይጨርስ ትራሱ ላይ ተቀመጠ። ሰው አንድ ድምፅ ሳይሰረቅለት ሲመረጥ እንዴት እንደሚሰማው ያወቀው ያን ቀን ይመስለኛል።

ግድግዳውን ግን አልለቀቀም። የለቀቀው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ከደግነት አይደለም። ሽማግሌው አሁን ጎን ለጎኑ ስለሚተኛ ሲያስል ጆሮው ሥር ነው። በመጨረሻ እንቅልፍ ያጣ ዓይኑን እያሸ «አባቴ፣ በሞቴ፣ እዚህ ይተኙና ፊትዎን ወደ ግድግዳው አዙረው ያስሉ!» አለው። ሽማግሌው እንደዚያ ሁለት ሳምንት ጀርባውንና ደረቱን እያፈራረቀ ምድጃውን ሞቀ። እኔን በሩ ሥር የያዘኝ የወገብ ቁርጥማት ዛሬም ሰኔ በመጣ ቁጥር ይጠይቀኛል።

ሁላችንም ለምን እንደታሰርን በደንብ ሳይነገረን፣ ለምን እንደተፈታንም ሳይነገረን ወጣን። አክሲዮኑ እስካሁን ወረቀት ነው። ሥራ አስኪያጁ አሁን የዘይት ፋብሪካ አክሲዮን ይሸጣል አሉ፤ ሽማግሌው ገዝቶ እንደሆነ ለመጠየቅ ፈራሁ። ሮቤ ገበያ ሲያገኘኝ ከሩቅ ይጠራኛል፣ አብረውት ላሉትም «ይኼ ባርሲሳ ለኔ ብሎ የሰረቀ ሰው ነው» ብሎ ያስተዋውቀኛል። መሬት ብትከፈት እገባለሁ። እሱ ግን የሚለው በፍቅር ነው፤ ድምፁም ከሳል ነጻ ነው።

ጉባኤ አሁንም አልቀርም። እጄን አውጥቼ መጠየቄንም አልተውኩም፤ የተሰረቀ ድምፅ ዛሬም ያናድደኛል፣ ምናልባት ከበፊቱ ይልቅ። አንድ ነገር ብቻ ጨምሬአለሁ። ድምፅ ይጣራ ብዬ በተነሣሁ ቁጥር «ማጣራቱ ከኔ ይጀመር» እላለሁ። ሰው ትሕትና ይመስለዋል።