የአሮጌው ሰርቨር የመጨረሻ ቀን

አሮጌውን ሳላጠፋ አንድ ሳምንት ልጨምር ብዬው ቢሆን ኖሮ ምን ይለኝ ነበር? እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁትም።

ጅጅጋ፣ የጤና ጣቢያዎችን የሕሙማን መዝገብ በኮምፒውተር የሚይዝ ቢሮ ውስጥ እሠራ ነበር። የተማርኩት ዘግይቼ ነው፤ አብረውኝ የተማሩት ልጆቼ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ለዚህ ይሆናል ነገር ሁለቴ ሳላጣራ የማላልፈው። መዝገቡ ከእኛ ሰርቨር ወጥቶ አዲስ አበባ ወዳለ የዳታ ማዕከል እንዲዛወር ሲወሰን ሥራው ለእኔ ተሰጠ። የታዘዝኩት አንድ ነገር ነበር፤ በሽተኛ ፊት ለፊት ተቀምጦ ካርዱ አልከፈት የሚልበት ቀን እንዳይኖር።

ስለዚህ አሮጌውን ሳላጠፋ አዲሱን አስነሣሁ። በሁለቱም ላይ እኩል እንዲጻፍ አድርጌ ጣቢያዎቹን አንድ በአንድ አሻገርኩ። የሸደር ከተማ ጣቢያ ቀደመች፣ የአይሻ ከተማዋ የመጨረሻ ሆነች። የአይሻው ነርስ ከሰዓት በኋላ እየደወለ ጥቂት ካርዶች ያነብልኛል፤ እኔ ከሁለቱም አመሳክራለሁ። ፊቱን አይቼው አላውቅም።

"አባዮ፣ ዛሬም አልተቋረጠም" ይለኛል፤ በሶማልኛ እህቴ ማለቱ ነው። "እዚህ አገር ከነፋሱ ሌላ የማይቋረጥ ነገር አይቼ አላውቅም፣ ወላሂ!"

ሳቄን በእጄ እሸፍናለሁ፤ የሚያየኝ ያለ ይመስል። ካርዶቹ ካለቁም በኋላ ስላነበብናቸው መጻሕፍት እናወራለን። ከምሳ በኋላ ጆሮዬ ስልኩ ላይ ነው።

በመጨረሻው ቀን ሁሉም ተመሳከረ፤ አንድም ልዩነት አልነበረም።

"እንግዲህ አሮጌውን ላጥፋው" አልኩት።

"ዛሬ አታጥፊው" አለኝ።

"ያልተገለበጠ ካርድ አለ?"

"የለም።"

"አዲሱ ተንቀራፈፈብህ?"

"ኧረ ፈጣን ነው።"

"ታዲያ ለምን?"

"እንዲያው ነው። በይ አጥፊው።"

አጠፋሁት። የሰርቨሩ ማራገቢያ ድምፅ ቀስ እያለ ሲሞት ቆሜ ሰማሁ።

አዲሱ ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልቆመም። እሱ የሚደውልበትም፣ እኔ የምደውልበትም ምክንያት ጠፋ። ትንሽ ብልሽት የተመኘሁበት ጊዜ ነበር። ጠዋት ጠዋት የአይሻን መስመር ከፍቼ በስሙ ገብቶ ሥራ መጀመሩን አያለሁ፤ ደህና ነው ማለት ነው። አንድ ጠዋት በእሱ ፈንታ ሌላ ሰው ገባ። ተዛውሯል አሉ። ወዴት ብዬ ልጠይቅ ብል አፌ እምቢ አለኝ።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ከታላቅ እህቴ ጋር ጨርቅ መደብሯ ውስጥ ጣቃ ስንጠቀልል እንደ ልማዷ ነካካችኝ፤ "አንቺ ግን ልብሽን ማንም አንኳኩቶት አያውቅም?"

"አንድ ሰው ነበር" አልኳትና ነገርኳት።

"ወይኔ እህቴን! ሰውዬው አታጥፊው እያለሽ ስለ ካርድ ትጠይቂዋለሽ?"

"ሥራችን ካርድ ነበራ።"

ልትስቅ ነበር፤ ፊቴን አይታ ተወችው። ሁለት ሴቶች ጨርቅ ሊገዙ ገቡ። እህቴ ደንበኛ የምትመልስ ሰው አይደለችም።

"ነገ ኑ፣ የኔ እመቤቶች" አለቻቸው። በሩን ገርበብ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች።

"እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።"