ጠቆምና የጋሼ ምላጭ

ጠቆም ማድረግ ከመናገር ያንሳል፤ ዝም ከማለት ይበልጣል። ተናጋሪው ኋላ ላይ «ምን አልኩ?» ብሎ ትከሻውን ሰበቅ ማድረግ እስከቻለ ድረስ፣ ጠቆም አድርጓል ይባላል። ካልቻለ ግን ተናግሯል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ራሱ ይቻለው። ከአሽሙር ጋር የሚያምታቱት ሰዎች አሉ፤ ቢታረሙ ጥሩ ነው። አሽሙር መርዝ አለው፤ ሰውን ወግቶ ይስቃል። ጠቆም የተደረገለት ሰው ግን ነገሩን ራሱ ያሰበው መስሎት ኮራ ብሎ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው።

በዚህ ሙያ እንደ አንድ ፀጉር አስተካካይ የተካነ ሰው አልነበረም። እውነተኛ ስሙን እናቱና ሚስቱ ያውቁታል፤ ሌላው ሰው ሁሉ «ጠቆም» ነበር የሚለው። ሥራው ራሱ ያመቸዋል። ሰውየው አንገቱ በጨርቅ ታስሯል፣ አረፋው እስከ ጆሮው ደርሷል፤ ወዴት ይሄዳል? ስለዚህ ሊነገር የማይደፈር ነገር ያለበት ሁሉ ቀስ ብሎ በሩን ይከፍትና «እስቲ አንተ ጠቆም አድርግልኝ» ይለዋል። መሰላል ተውሶ በዚያው የቀረ ጎረቤት ነበር። ጠቆም ማጅራቱን እያስተካከለ፣ የሱቁን ጣሪያ ለመቀባት ጠረጴዛ ላይ ወንበር፣ ወንበር ላይ በርጩማ ደራርቦ ወጥቶ ሊሰበር እንደነበር አጫወተው። መሰላሉ በዚያው ዕለት ለባለቤቱ ተመለሰ፤ ያውም ተወልውሎ። ሁልጊዜ ይሳካ ነበር ማለት ግን አይደለም። ገና ሳይነጋ ጣሪያ ላይ ወጥቶ እየዘፈነ የሚሠራውን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ «እንዲህ ያለ ድምፅ በጠዋት ሲባክን ያሳዝናል» ቢለው፣ ሰውየው አመስግኖ ሄደና ማታም ይዘፍን ጀመር።

የሱቁ ባለቤት ጋሼ ነበሩ። ጠቆም ማበጠሪያ አያያዝ እንኳ የማያውቅ ጎረምሳ ሳለ ወስደው ሙያውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ልጅ የላቸውም፤ እሱም አባቱን አያውቅም፤ ስለዚህ ጉዳይ ግን አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም፣ ሁለቱም እንዲህ ያለውን ነገር አፍ አውጥተው የሚናገሩ ሰዎች አልነበሩም። ሱቁ ውስጥ ሁለት ወንበር አለ፤ በመስኮቱ በኩል ያለው የጋሼ፣ በግድግዳው በኩል ያለው የጠቆም። በእያንዳንዱ መስታወት ሥር አንድ አንድ መሳቢያ አለ። በጋሼ መሳቢያ ውስጥ እጀታው ከቀንድ የተሠራ ታጣፊ ምላጭ ይቀመጣል፤ እሱን ከሳቸው በቀር ማንም አይነካውም።

ችግሩ፣ የጋሼ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ደንበኞች የጋሼ ወንበር ባዶ ሆኖ እያዩ የቆየ ጋዜጣ ያነሱና «እኔ አልቸኩልም» እያሉ የጠቆምን ወንበር ይጠብቃሉ። የማያውቅ ወይም ይሉኝታ የያዘው ሰው ብቻ ጋሼ ዘንድ ይቀመጣል፤ ሲወጣ ፊቱ እዚህም እዚያም ጥጥ ተለጥፎበታል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ጠቆም ለማንም ያልተነፈሰው ነገር ነው። ሱቁ ሊዘጋ ሲል የራሱን መሳቢያ ሲከፍት የጋሼን ምላጭ እዚያ ያገኘዋል። በመጀመሪያው ቀን «እጃቸው ሳያንስ መርሳትም ጀመሩ» ብሎ አዘነ። እንዳያፍሩ ብሎ ምላጩን ወልውሎ፣ ፊታቸውን ዞር ሲያደርጉ ወደ ቦታው መለሰው። ከዚያም ወዲህ ነገሩ የዘወትር ሆነ፤ እሳቸው ይረሳሉ፣ እሱ ይመልሳል። ጠዋት ጋሼ መሳቢያቸውን ይከፍቱና ምላጩን ትክ ብለው አይተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የጠቆም አንጀት ያን ጊዜ ቁርጥ ይላል።

አንድ ቀን የጎረቤት ፋርማሲ ባለቤት መጣች። ልጇ ቅዳሜ ሊያገባ ነው። ጋሼ የሙሽራውን አባት በራሱ ሠርግ ቀን የላጩ እሳቸው ስለሆኑ፣ ልጁንም «ካለ እኔ ማንም አይነካውም» ብለዋል።

«ልጄ በጥጥ ተለጣጥፎ ፎቶ ሊነሳ ነው?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ኧረ ያን ያህልስ አይደለም…»

«ጥጡን የምሸጥላችሁ እኔ እኮ ነኝ! ምን ያህል እንደምትጨርሱ ለኔ ትነግረኛለህ? በል፣ ጠቆም አድርግልኝ። ሰው እንዳይሰማ፣ እሳቸውም እንዳይከፋቸው።»

«እሺ» አለ ጠቆም፤ እምቢ ማለት መናገር ነውና።

በማግስቱ ትራስ ያለው ምቹ ወንበር አምጥቶ በሩ ላይ ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ አስቀመጠ። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ እንዴት ደስ ይላል መሰለዎት! ሰው ቁጭ ብሎ መንገደኛ እያየ ሊውል ይችላል» አለ።

ጋሼ ወንበሩን አዩት፣ እሱን አዩት፣ ፊታቸው ጠቆረ። «ደክሞሃል ማለት ነው» አሉ። «ይሁን፤ አረፍ በል። ደንበኛህን እኔ እይዘዋለሁ።» እጁን ይዘው ትራሱ ላይ አስቀመጡት። ጠቆም ፀሐይ እየሞቀ፣ የገዛ ደንበኛው በመስታወቱ ውስጥ «አድነኝ» በሚል ዓይን ሲመለከተው ዋለ።

በሌላው ቀን ወሬ ይዞ መጣ። ወሬው ዓይኑ ስለደከመ መሣሪያውን በክብር ለተማሪው ስላስረከበ አንድ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈጠራ። ጋሼ መቀሳቸውን አቁመው በጽሞና ሰሙት።

«ተማሪውስ ሲሰጠው ገባው?» አሉ።

«ገባው እንጂ፤ ተቀበለ።»

«ታድሎ!» አሉ ጋሼ በረጅሙ ተንፍሰው። «ሲሰጡት የሚገባው ተማሪ ማግኘት ዕድል ነው።» ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ጠቆም ነገሩ ጭራሽ አልገባቸውም ብሎ ተስፋ ቆረጠ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ዳር ዳር ማለት አይሆንላትም። «ሰውየው አባትህ ማለት ናቸው» አለችው ከስፌት መኪናው ላይ ሳትነሳ። «ከአባት ጋር ምን ዙሪያ ጥምጥም ያስኬዳል? ‹ጋሼ፣ እጅዎ ይንቀጠቀጣል› በላቸው፣ በቃ።»

ጠቆም መርፌ የወጋው ያህል ዘሎ ተነሳ። «ይሄማ መናገር ነው!»

«አዎ፣ መናገር ነው። ሰዎች ይናገራሉ፤ አልሰማህም?»

ቅዳሜ ጠዋት ሙሽራው ከእናቱ ጋር መጣና በጋሼ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ለፍርድ የቀረበ ይመስላል። ጋሼ ነጭ ካፖርታቸውን አጥልቀው አረፋውን በብሩሽ ቀቡት፤ ግማሹ አፍንጫው ውስጥ ገባ። እናትየው በዓይኗ ጠቆምን ወጋችው። እሱም የሚያውቀውን ሁሉ ሞከረ። አሳለ። ማበጠሪያ ጣለ። «ዘንድሮ ሙሽሮች እኮ ጺማቸውን አይላጩም፤ ፋሽኑ ማሳደግ ነው» አለ ወደ ጣሪያው እያየ። ጋሼ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ምላጩን ከቀንድ እጀታው ዘረጉት።

ምላጩ ወደ ሙሽራው ጉሮሮ ወረደ። በመስኮቱ የገባው ብርሃን ስለቱ ላይ ወዲያ ወዲህ ይዘል ነበር። ሙሽራው ዓይኑን ጨፍኗል፤ ላቡ አረፋውን እያጠበ ይወርዳል። የጠቆም እጅ ከሱ ጋር ሳይማከር ሄዶ የጋሼን የእጅ አንጓ ያዘ።

«ጋሼ፣ እጅዎ ይንቀጠቀጣል።»



«ምን አልክ?» አሉ ጋሼ።

«ምን አልኩ?» ማለት ይችል ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከጉድ ያወጣችው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። ግን ያ የያዘው አንጓ ቆዳና አጥንት ብቻ ሆኖበት፣ እንደማንኛውም ሰው ዓይኑ እንባ ሞላ።

«እጅዎ ይንቀጠቀጣል ጋሼ። ከእንግዲህ መላጨት የለብዎትም።»

ጋሼ ምላጩን አጠፉና፣ «እፎይ!» አሉ። «አፍ እንዳለህ ተጠራጥሬ ነበር። እንዲህ የምትል ከሆነ ታዲያ ማታ ማታ መሳቢያህ ውስጥ ሳስቀምጥልህ ለምን ትመልስልኛለህ?»

«እኔማ… ረስተውት መስሎኝ።»

«ረስተውት! ይህን ምላጭ? የሚስቴን ስም ብረሳ ይሻለኛል!» ድምፃቸው ተሰበረ። «እኔ ደግሞ አልፈልግም እያልከኝ መሰለኝ። ሱቁንም፣ ሥራውንም፣ እኔንም። ደግሞ ወንበር አምጥተህ ደከመኝ ትላለህ። ከአንተ ሌላ ማን አለኝ? ለማን ልስጠው? እያመመኝ የሠራሁት ለዚህ ነው።»

ለሰው ሁሉ ሲጠቁም የኖረ ሰው፣ የተጠቆመለትን በየማታው እየወለወለ ሲመልስ ከርሟል!

«ይቅርታ» አለ ሙሽራው ዓይኑን ሳይገልጥ፤ «አረፋው እየደረቀ ነው።»

ጋሼ ምላጩን በጠቆም መዳፍ ላይ አኑረው ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፉበት። ካፖርታቸውን አውልቀው ወደ በሩ ሄዱና ፀሐዩ ላይ፣ ትራሱ ላይ ተደላደሉ። ጠቆም እንባውን በክንዱ ጠርጎ አረፋውን አደሰና ምላጩን አነሳ። የፋርማሲዋ ባለቤት ቦርሳዋን ከፍታ፣ ከቤቷ አዘጋጅታ ያመጣችውን ጥጥ ቀስ ብላ አወጣች።

«ልጄ» አሉ ጋሼ ከወንበራቸው፣ ጠቆም ሳያደርጉ፤ «እጅህ ይንቀጠቀጣል።»

«አሁን ያልፋል ጋሼ።»

«አዎ፣ ያንተስ ያልፋል» አሉና ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።