ለአባቴ ያልተረጎምኩለት ግማሽ

ይሄን ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ዛሬ ለእናንተ ልናገር፤ ሰምታችሁ የፈለጋችሁትን በሉኝ። አባቴን ልቡ ነው የገደለው ይላል ሰው። እኔ ነኝ።

ኢሕአዴግ ሳለ ነው ነገሩ። አባቴ የቢታ ገነት ገበሬ ነው፤ ስኳርም ልብም ነበረበት። የሚያወራው የከፋን ቋንቋ፣ ካፊኖኖ ነው፣ አማርኛ ብዙም አይገባው። እኔ ቦንጋ ባጃጅ እነዳ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል ብባረርም አፍ አለኝ። አዲስ አበባ ሪፈር ሲጻፍለት አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ።

ዶክተሩ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። የልቡ ቫልቭ ጠቧል፣ ደረቱ ተከፍቶ ይቀየራል። ግን ሽማግሌ ነው፣ ስኳሩ ኩላሊቱን ነክቶታል፣ ላይነቃ ይችላል። ካልፈለገ መድኃኒት እየዋጠ፣ እየደከመም ቢሆን፣ ቤቱ ይኖራል፤ ምናልባት ዓመት፣ ምናልባት ከዚያ በላይ።

«ምርጫው የሳቸው ነው፤ ሁለቱንም ንገራቸው» አለኝ። ከዚያ ወደ ነርሷ ዞሮ፣ «ከገጠር የሚመጡት ቢላ ሲባል እግሬ አውጪኝ ነው» ብሎ ሳቀ።

ደሜ ፈላ። ማንን ነው? የኔን አባት ነው ፈሪ የሚለው?

አባቴ፣ «ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምን አልኩ? ካልተቀደድክ ትሞታለህ ይላል አልኩት። ይሄን ብቻ። ላይነቃ ይችላል መባሉን አልነገርኩትም። የመድኃኒቱን ነገር አላነሳሁም። እኔ ነኝ ያላነሳሁት።

«ሌላ መንገድ የለም?» አለኝ።

«የለም» አልኩት።

እንግዲያው ይሁን አለና የፈቃድ ወረቀቱ ላይ ሊፈርም አውራ ጣቱን ለቀለሙ ዘረጋ። ዶክተሩ ገርሞት፣ ጎበዝ ናቸው አባትህ አለኝ። እኔም ኮራሁ። ይገባችኋል? ኮራሁ።

በማግስቱ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ወሰዱት። አልነቃም።

ሬሳውን ይዘን ቢታ ስንገባ ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ እጄን ይዘው፣ አባቱን አዲስ አበባ ድረስ ወስዶ ያሳከመ ልጅ ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ። ዛሬም ባገኙኝ ቁጥር ይመርቁኛል፣ ዛሬም አሜን እላለሁ።

ልጅ ነበርኩ፣ ተሰድቤ ነው ልላችሁ እችላለሁ። ውሸት ነው። አባቴ ሁለቱንም ቢሰማ የቱን እንደሚመርጥ አጥቼው ነው? መንገዱን ሙሉ መቼ ነው ቤቴ የምትመልሰኝ ሲለኝ ነበር። አውቅ ነበር። ያልነገርኩትም ስለማውቅ ነው።