ሽቦ የተመለሰበት በር

በክሪ በያጅ ነው። ከጭሮ ወደ ገለምሶ በሚያስወጣው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ይበይዳል። የቦኬም የበደሳም ሰው በርና መስኮት ያሠራዋል። ይህን የምጽፈው ጎረቤቱ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም፤ ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው።

መብራት በጠፋ ቁጥር የበክሪ ገቢ አብሮ ይጠፋል። ባለቤቱ ሙሚና ጫት ትሸጣለች፤ የብየዳ ማሽኑን የገዛችለትም ገበያ ቆማ እሷ ናት። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት «ብየዳ የሚችል የጥገና ሠራተኛ» ብሎ ማስታወቂያ ሲለጥፍ ቀድማ ያየችውም እሷው።

«ሂድ ተመዝገብ» አለችው። «መብራት ሲጠፋ ደመወዝ አይጠፋም።»

«አለቃ ላምጣብሽ?»

«አሁንስ እኔ ምንህ ነኝ?»

ሳቀ፤ ግን ነገሩ ከልቡ ገባ። የብየዳው ብልጭታ ዓይኑን መብላት ጀምሯል። ለጥላ ሥር በያጅ ደግሞ ጡረታ የሚባል ነገር የለም። ዓይኑ እምቢ ያለ ቀን ማን ሊያበላው ነው?

ለፈተናው «ማሽን ያለው ይዞ ይምጣ፤ የኛ ተበላሽቷል» ተባለ። ልብ በሉ! በያጅ ሊቀጥሩ ነው፣ መበየጃ ግን የላቸውም።

በክሪ ማሽኑን በባጃጅ ጭኖ ሄደ። የግቢው ትልቁ የብረት በር ማጠፊያው ተነቅሎ በሽቦ ታስሯል። ዘበኛው አው ጃዕፈር ሽማግሌ ናቸው፤ እንደ አገሩ ወግ ሰላምታው ረዘመ። ናጋ? ናጋ። ልጆችስ? ዝናቡስ? ቡናው አበበ? በዚህ መሃል ባጃጁ ገባ፣ ማሽኑ ወረደ፣ ገቢ ዕቃ ብሎ የመዘገበው ግን የለም። እኛ ዘንድ ሰላምታ አቋርጦ «ቆይ መጀመሪያ ልመዝግብ» የሚል ሰው ባለጌ ነው።

ፈተናው ምን መሰላችሁ? ከገለምሶ በሚኒባስ ባዶ እጁን የመጣው ታምራት የበክሪን ማሽን ተውሶ የግቢውን የተሰባበሩ አግዳሚ ወንበሮች እንዲበይድ ታዘዘ። በክሪ ደግሞ በሩን። ኤሌክትሮዱም ከበክሪ ኪስ ነው። ይሄ ፈተና ነው ወይስ የነጻ ጉልበት? እፍረት የሚባል ነገር ከዚህ አገር ጠፋ?

በክሪ ግን ሥራ አበላሽቶ መስጠት አያውቅበትም። የታሰረበትን ሽቦ ፈትቶ ጣለ፣ ዝገቱን በራሱ ግራይንደር ጠረገ፣ ማጠፊያውን በየደ፣ መቆለፊያውን አቃና። ኃላፊው መጣና በሩን በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገው። ቀጭ ብሎ ገጠመ።

«ጎበዝ! ውጤት ይለጠፋል።»

«ማሽኔን ልውሰዳ?»

«ለምን? ካለፍክ እዚሁ አይደል የምትሠራበት? ይቆይ። ካላለፍክ ማመልከቻ ታስገባለህ።»

ኃላፊው «ስብሰባ አለን» ብሎ ባልደረቦቹን በመኪና ጭኖ ወጣ። ከምሳ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ በርጫ እንደሆነ ለጭሮ ሰው አይነገረውም፤ ጫቱ በመኪናው መስኮት ይታይ ነበር። ታምራትም ወንበሮቹን ጨርሶ በሚኒባሱ ሄዷል።

«አው ጃዕፈር፣ ይክፈቱልኝ። ባጃጁ ውጭ እየጠበቀኝ ነው።»

«አንተ ውጣ፤ ማሽኑ ይቀራል። ሲገባ ያልተመዘገበ ዕቃ የመንግሥት ነው ይላሉ።»

«ወላሂ ሲገባ አይተውታል! ሰላም እያሉኝ!»

«እኔማ አይቻለሁ። መዝገቡ አላየም።»

የበክሪ ደም ፈላ። ጠዋት ቢሆን ሽቦውን ፈትቶ ይወጣ ነበር። አሁን በሩ አይነቃነቅም፤ የራሱ እጅ ሥራ ነዋ!

«ቁጭ በል» አሉት ሽማግሌው። «እኔ እዚህ ዘበኛ ሆኜ የገባሁ መሰለህ? አናጺ ነበርኩ። መጋዜንና መላጊያዬን ይዤ ገባሁ፤ እኔም አላስመዘገብኩም። የእንጨት ሥራው ሲዘጋ 'ዘበኛ ሁን' አሉኝ። መጋዜ እዚያ ግምጃ ቤት ተቆልፎበታል። በየቀኑ የምጠብቀው እሱን ነው።»

«ታዲያ ለምን ትተው አልወጡም?»

«ወጥቼ በምን ልሥራ?»

በክሪ ዱላ የጨበጠውን የአናጺ እጅ አየ። ያ ማሽን ከሌለ የመንገድ ዳሩ ጥላ ባዶ ቆርቆሮ ነው። ደመወዙ ቢመጣም፣ አንድ ቀን «በቃህ» ቢሉት ምን ይዞ ይወጣል?

የከሰዓት በኋላው የዐሱር አዛን ተሰማ። አው ጃዕፈር ቁልፉን ኪሳቸው ከትተው ተነሡ።

«በሩ ተቆልፏል፤ እኔ ልሰግድ ነው። ሶላት ላይ ደግሞ አልቸኩልም። በያጁ አንተ ነህ።»

ጀርባቸውን ሰጥተውት ሄዱ።

በክሪ ግራይንደሩን ሰካ። ጠዋት የበየደውን ማጠፊያ በበየደበት ቆረጠው፤ ከገዛ ሥራው በቀር አንድ ብረት አልነካም። ከባጃጁ ሹፌር ጋር ማሽኑንና ግራይንደሩን ተሸክመው አወጡ። ከዚያ ተመለሰና የጣለውን ሽቦ ከመሬት አንሥቶ በሩን እንደ ጠዋቱ አሰረው።

ሙሚና ማሽኑ ከባጃጅ ሲወርድ አየች። «ሥራውስ?»

«ማሽኑን ፈለጉት።»

«የማንን ማሽን?» አለች፤ ስለ ደመወዝ ዳግም አላነሳችም።

በማግስቱ ኃላፊው ግቢውን በጩኸት ሞላው። «ማሽኑ የታለ?»

«የቱ ማሽን?» አሉ አው ጃዕፈር። «መዝገቡን ይዩት እንጂ። ያልገባ እንዴት ይወጣል?»

ማስታወቂያው እንደገና ተለጥፏል፤ እዚያው በር ላይ። በያጆች ሆይ፣ ማሽናችሁን ከመጫናችሁ በፊት ሂዱና ሽቦውን እዩት።