መርዶው የማን ነው?

የጀማነሽ ኩራት ሌላ ነው። ኡራኤል አጠገብ ሻይ ቤት አላት፤ አንድ ልጇ ያብስራ ሽፍታ ሊወጋ ቆላ የዘመተ ወታደር ስለሆነ የእሱን ወሬ ሳይሰማ ሻይ የሚጠጣ ደንበኛ የለም። ታዲያ ጦሩ የሰፈረው የት ይመስላችኋል? ወንድሟ ወዳጆ የሚኖርበት ቀበሌ!

"አጎትህ ደጅ ደርሰህ እህል ሳትቀምስ ብታልፍ የጠባኸው ጡት ይፋረድህ!" አለችው ልጇን በስልክ።

በማግስቱ ወዳጆ ራሱ ደወለ። "እህቴ፣ በጊዮርጊስ ይሁንብሽ፣ ልጁ መለዮ ለብሶ አይምጣብኝ። ወታደር ዛሬ መጥቶ ነገ ይሄዳል። እነዚያ ግን ጫካ ሆነው ማን ቤት ጭስ እንደበዛ ያያሉ።"

"ለእህትህ ልጅ እንጀራ ቸገረህ በላ!" ብላ ዘጋችበት። አይ ጀማነሽ! እስኪጨርስ ብትሰማው ምን ነበረበት?

ከዚያ ወዲያ ኔትወርክ ጠፋ። የልጇም የወንድሟም ስልክ አልሠራ አለ።

ካዛንቺስ የእሷ ሰፈር ግማሹ ፈርሷል። ጎረቤቶቿ ተነስተው በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል፤ የቀሩት እሷና ረውዳ ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ፍሰሃ ብቅ አሉ። ሰፈሩን ከለቀቁ ወዲህ ረግጠውት አያውቁም።

"በዚህ ሳልፍ ነው" አሏት።

በዚህ? በዚህ እኮ ማለፊያ የለም፤ መንገዱ ፍርስራሹ ላይ ያበቃል። ጥቂት ቆይቶ ሌላዋ የድሮ ጎረቤት መጣች፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ሁሉም "ሳልፍ" ነው የሚሉት። ሻይ ያዛሉ፣ አይጠጡም። ስትገባ ወሬያቸው ይቆማል። ረውዳ ደግሞ ያለወትሮዋ ሬዲዮኑን ዘግታ "ዛሬ እኔ ዘንድ እደሪ" አለቻት።

ጀማነሽ ነገሩ ገባት። መርዶ በስልክ አይነገር፣ በማታ አይነገር፤ ሰው ተሰብስቦ ሲነጋጋ ነው። እስከዚያ አገር ሁሉ ያውቃል፣ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም። ራሷ ስንቱን እንዲህ አርድታለች! ልጄን በልተውታል፣ አለች በልቧ። ግን አልጠየቀችም። ከጠየቀች ይነግሯታላ! እስኪነጋ ድረስ ያብስራ በሕይወት ይቆይላት።

ጎህ ሲቀድ በሩን ከፈተች። ግቢው ጢም ብሏል። ሁሉም ነጠላ ያዘቀዘቁ ሰዎች። የፈረሰው ሰፈር በሙሉ ተመልሶ ደጇ ላይ ቆሟል።

"ጀማነሽ፣ እግዜር ያጽናሽ" አሉ ጋሽ ፍሰሃ። "ወንድምሽ ወዳጆ..."

"ተመስገን!"

ጮክ ብላ ነው ያለችው። ሰው ሁሉ ክው አለ። ረውዳ አፏን ያዘች። ጀማነሽም ድምጿን ሰማችው፤ የሌላ ሰው መሰላት። ከዚያ መሬት ላይ ዘጭ አለች።

መርዶውን ይዞ ከአገር ቤት የመጣው የወዳጆ ጎረቤት አጠገቧ ቁጢጥ አለ። "ልጅሽ ደህና ነው። መጥቶ ነበር፣ ወዳጆ በግ አርዶ አበላው። ጦሩ ሲነሳ ሽፍቶቹ ወረዱ። ወታደር ያበላውን ሁሉ ሰብስበው 'ለማን ነው ያረድከው?' እያሉ ጠየቁን።"

"እናንተስ ምን አላችሁ?"

"እኛማ 'አስገድደውን ነው' ብለን ተረፍን። እሱም እንዲያ እንዲል በዓይናችን ለመንነው።" ሰውየው አቀረቀረ። "'የእህቴ ልጅ ነው' አላቸው።"